ባለቤት ያጣ አገር፦ የናይጀሪያ ልቦለድ ስለ ጎሣና ስለ መንግሥት

የናይጀሪያን የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርኩ ልቦለዶች በአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ውስጥ ሳይጠቀሱ አይቀሩም። ለፈተና ሲቀርቡ ግን የሚሰጣቸው መልስ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። «የግጭቱ መንሥኤ የጎሣ ልዩነት ነው፤ ደራሲውም የጎሣ መከፋፈል ለአገር ጸጥታ ጠንቅ መሆኑን ያስተምረናል» ይላል ተማሪው። መልሱን ስሕተት ነው ብሎ ዜሮ መስጠት አይቻልም። ቢሆንም ድርሰቱን ሳያነቡ ሊጽፉት የሚቻል መልስ ነው፤ ጋዜጣውም ራዲዮውም የሚለው ይህንኑ ነውና። ልቦለዱ ጋዜጣው ያላየውን ያየው ነገር ይኖር እንደሆነ ሳይጠየቅ ይታለፋል።

በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ አንሥቼ በሦስት ልቦለዶች ላይ ለመፈተን እሞክራለሁ። እነርሱም የቺኑዋ አቼቤ «የሕዝብ ሰው» (1966)፣ የኬን ሳሮ ዊዋ «ሶዛቦይ» (1985) እና የቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ «ግማሽ ቢጫ ፀሐይ» (2006) ናቸው። ሌሎች ሥራዎችን በመንገዴ ላይ ብቻ እነካለሁ። የርእሶቹ አማርኛ የእኔ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። የምከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው፦ ከነዚህ ድርሰቶች ጠንካሮቹ «ጎሣ» ከሚለው ቃል ላይ ጥያቄ ይጀምራሉ፤ ደካሞቹ ከዚያው ቃል ላይ ሲደርሱ መጠየቅ ያቆማሉ። ጠንካሮቹ ሲጠይቁ የሚያገኙት ነገርም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የመንግሥት ባለቤት ማን እንደሆነ ያልታወቀ እንደሆነ ሰው ባለቤትነቱን ወደሚያውቀው ወገን ይሸሻል። ጠንካራውንና ደካማውን የጻፈው አንድ ሰው የሆነበት ጊዜም አለ።

ወደ ድርሰቶቹ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ይገባኛል። እንግሊዝኛው «ትራይብ» የሚለውን በአማርኛ «ጎሣ» እያልን መመለስ ልማድ ሆኖብናል። በአማርኛ ግን ጎሣ ሲባል ከነገድ ያነሰ፣ በአንድ አባት የሚቆጠር ወገን ነው። በሚሊዮኖች የሚቆጠረውን፣ በብዙ መቶ መንደሮች ተከፋፍሎ ለአንድ ንጉሥ ሳይገዛ የኖረውን የኢግቦ ሕዝብ በዚህ ቃል መጥራት አያስኬድም። አቼቤ ራሱ በ2000 ባሳተማቸው ንግግሮቹ ውስጥ ኢግቦን ትራይብ መባሉን ተቃውሞ፣ ቢያንስ ወደ እውነቱ የሚቀርበው ስም «ኔሽን» ነው ብሎ ተከራክሯል። በእኛ ዘንድ «ብሔር» እና «ብሔረሰብ» የሚሉት ቃላት ደግሞ የራሳቸውን የፖለቲካ ክርክር ተሸክመው የሚዞሩ ናቸው። እኔ «ብሔረሰብ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ «ጎሣ» የምለው የሌላውን ሰው ንግግር ስጠቅስ ነው። ተርጓሚው ቃሉን ሲመርጥ ገና ልቦለዱ ሳይጀመር ፍርድ ሰጥቷል።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ናይጀሪያ በ1960 ነጻ ስትወጣ እንግሊዞች ትተውላት የሄዱት መንግሥት በሦስት ክልሎች የቆመ ነበር። በሰሜኑ ሐውሳና ፉላኒ፣ በምዕራቡ ዮሩባ፣ በምሥራቁ ኢግቦ ይበዛሉ፤ እያንዳንዱ ክልል የየራሱ ገዢ ፓርቲ ነበረው። የፓርላማ ወንበር የሚደለደለው በሕዝብ ብዛት ስለ ነበረ የሕዝብ ቆጠራ ራሱ የጦር ሜዳ ሆነ። የ1962ቱ ቆጠራ ውጤት ተሰረዘ፤ የ1963ቱም ጭቅጭቅ አስነሣ። በ1965 በምዕራብ ክልል የተደረገው ምርጫ ተጭበርብሯል በመባሉ ቤትና መኪና፣ ሰውም ጭምር፣ በቤንዚን ተቃጠለ። በጥር 1966 መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ። ከመሪዎቹ የሚበዙት ኢግቦዎች፣ ከተገደሉት ባለ ሥልጣኖች የሚበዙት የሰሜንና የምዕራብ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ድርጊቱ የኢግቦ ሤራ ተብሎ ተተረጐመ። በሐምሌ የአጸፋው መፈንቅለ መንግሥት መጣ፤ በዚያው ዓመት በሰሜን የሚኖሩ ኢግቦዎች በሺህ እየተቆጠሩ ተገደሉ፣ የተረፉት ወደ ምሥራቅ ተሰደዱ። በግንቦት 1967 ጎዎን አገሪቱን በ12 ግዛቶች ከፈላት፤ ከሦስት ቀን በኋላ ኦጁኩ ምሥራቁን ቢያፍራ ብሎ ነጻነቱን አወጀ። ከሐምሌ 1967 እስከ ጥር 1970 በቆየው ጦርነት የሞተው ሰው ከግማሽ ሚሊዮን እስከ ሦስት ሚሊዮን ይገመታል፤ የሚበዛውን የፈጀው ረኃብ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ከላይ የጠቀስኋቸው ነገሮች፣ ክልሉም፣ ቆጠራውም፣ የፓርላማ ወንበሩም፣ የቢሮ ሥራዎች ናቸው። ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ቂም ሲሉ የምንሰማው ነገር ከማኅተምና ከመዝገብ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ ልቦለዱ ከታሪክ መጽሐፉ በተሻለ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

«የሕዝብ ሰው» ለንባብ የበቃው መፈንቅለ መንግሥቱ በተደረገበት በጥር 1966 ነው። ልቦለዱ የሚያልቀውም በመፈንቅለ መንግሥት ስለሆነ አንዳንዶች አቼቤን ነቢይ አሉት፤ ወታደሮች ግን የሤራው ተካፋይ ነው ብለው ጠረጠሩት፣ እርሱም ከሌጎስ ለመሸሽ ተገደደ። ሐያስያን በዚህ መገጣጠም እየተደነቁ ስለ ትንቢቱ ብዙ ጽፈዋል። በእኔ አስተያየት ትንቢቱ ከልቦለዱ ትንሹ ነገር ነው።

አገሩ ስም የለውም። ተራኪው ኦዲሊ ወጣት መምህር ነው፤ የቀድሞ አስተማሪው የነበረው ናንጋ ሚኒስትር ሆኖ፣ የሚወዳትን ልጅ ነጥቆት፣ በኋላም በምርጫ ተቀናቃኙ ሆኖ እናገኘዋለን። ሴራው በዚህ ይዞራል። ለእኔ የልቦለዱ ቁልፍ ግን ከዋናው ሴራ ወጣ ያለ፣ ብዙ አንባቢ ፈገግ ብሎ የሚያልፈው የጆሳያ ታሪክ ነው። ጆሳያ የመንደር ባለ ሱቅ ነው። አዞጌ የሚባለውን ዐይነ ስውር ለማኝ ወደ ሱቁ አስገብቶ እያበላ እያጠጣ ሳለ አሮጌ በትሩን ወስዶ በአዲስ ይለውጥበታል፤ በአሮጌው በትር ገበያተኛውን የሚያሳውር መድኃኒት ሊያሠራበት ነው። አዞጌ በትሩ መለወጡን ወዲያው በእጁ ያውቃል፣ ይጮኻል፣ መንደሩ ይሰበሰባል። ከሰዎቹ አንዱ የሚለው የነገሩ ማሰሪያ ነው፤ ጆሳያ የወሰደው ነገር በዝቶ ባለቤቱ ሊያየው ቻለ ይላል። ከዚያ በኋላ ማንም አይመታውም፣ ማንም አይከሰውም። ሕፃን እንኳ ከሱቁ ደጃፍ ዝር ሳይል ይቀርና በጥቂት ቀን ውስጥ ይከስራል።

ልቦለዱ ሲያልቅ ኦዲሊ ወደዚህ ቃል ይመለሳል። በመንደሩ ባለቤት ነበረ፤ መንደሩ ራሱ ባለቤት ነበረ፣ ዐይንና ልብ ነበረው። በአገር ደረጃ ግን ባለቤት የለም፤ የመንደሩ ሕግ ወደ ዋና ከተማው ሲደርስ ጉልበቱን ያጣል። የኦዲሊ ጓደኛ ማክስ በተቀናቃኙ በሚኒስትር ኮኮ መኪና ተድጦ ሲሞት ሕዝቡ አይነሣም፤ የምትበቀልለት ሽጉጥ ከቦርሳዋ ያወጣች አንዲት ሴት ናት። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለው የእኛ ተረት ይህን ልቦለድ በአንድ መስመር ይይዘዋል፤ ልዩነቱ በአቼቤ አገር የሚናቅ ባለቤት እንኳ አለመኖሩ ነው። በሰዋስው ትምህርት «ባለቤት» የምንለው የዓረፍተ ነገሩን አድራጊ መሆኑንም እግረ መንገዴን ማስታወስ እወዳለሁ። ባለቤት የሌለው መንግሥት ማለት አድራጊው የማይታወቅ ግሥ ነው፤ ገንዘቡ ተሰረቀ፣ ምርጫው ተጭበረበረ፣ ሰውየው ተገደለ።

ታዲያ የብሔረሰብ ነገር የት አለ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልቦለዱ ስለ እርሱ በቀጥታ የሚለው ጥቂት ነው። መልሱ ግን በገበሬዎቹ አነጋገር ውስጥ አለ። ሰዎቹ ሚኒስትሮቹ እንደሚሰርቁ ያውቃሉ። ይብሉ ይላሉ፤ ነጮቹ ሲበሉ ታንቀን ሞትን? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ላደገ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጥያቄው መበላት አለበት ወይስ የለበትም ከመሆን ያልፍና የእኛ ሰው ከማዕዱ ቀርቧል ወይስ አልቀረበም ይሆናል። ለኦዲሊ መንደር ለኡሩዋ የተራገፈው የውኃ ቧንቧ መንደሩ ከማን ወገን እንደቆመ ሲታይ ተመልሶ ይጫናል። ከዚህች ቧንቧ እስከ ቢያፍራ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም። ጋራ የሆነው ነገር ባለቤት ካጣ «የእኛ ሰው» የተባለው ሁሉ ባለቤት ነኝ ይላል፤ እርሱም ከበላ በኋላ የሚጠለልበት ስም ያስፈልገዋል። የተገለለው ጆሳያ በመጨረሻ የት እንደሚገኝ ማየት ይበቃል፦ በናንጋ የምርጫ ስብሰባ ላይ፣ ራሱን ሸሽጎ የመጣውን ኦዲሊን ለይቶ የሚጠቁመው እርሱ ነው። መንደር የተፋው ሰው በፓርቲ ውስጥ ቦታ አገኘ።

ጦርነቱ በሥነ ጽሑፍ ሰዎች ላይ የፈጠረውን ክርክር በጥቂቱ ላንሣ። ገጣሚው ክሪስቶፈር ኦኪግቦ በ1967 ለቢያፍራ ሲዋጋ ሞተ። ሾዪንካ ኦጁኩን ሄዶ በማነጋገሩ በፌዴራሉ መንግሥት ታስሮ እስከ 1969 ቆየ፤ የእስር ቤት ማስታወሻው በ1972 ታተመ። ኬንያዊው የፖለቲካ ምሁር ዓሊ ማዝሩይ በ1971 በጻፈው ልቦለድ ኦኪግቦን በወዲያኛው ዓለም ችሎት አቁሞ ይከስሰዋል፤ ክሱም ገጣሚ ሆኖ ሳለ ለነገዱ ሲል ጥበቡን ከዳ የሚል ነው። መጽሐፉ ብልህ ነው፤ ነገር ግን ክሱ ከመነሻው የተጣመመ ይመስለኛል። ኦኪግቦ ጠመንጃ ያነሣው ዘመዶቹ በሰሜን ከታረዱ በኋላ፣ ሊጠብቃቸው የሚገባው መንግሥት ዝም ካለ በኋላ ነው። ይህን «ነገድን ከጥበብ ማስቀደም» ብሎ መሰየም የችሎቱን ሌላ ተከሳሽ፣ ማለት መንግሥቱን፣ ከክስ ነጻ ማድረግ ነው። ፌስተስ ኢያዪ ደግሞ በ1986 ባሳተመው «ጀግኖች» በሚለው ልቦለዱ ነገሩን በመደብ ይፈታዋል፤ የሁለቱም ወገን ጄኔራሎች አንድ ናቸው፣ የሁለቱም ወገን ተራ ወታደሮች አንድ ናቸው። ከልቤ ብስማማበትም ጋዜጠኛው ገጸ ባሕርይ ይህንኑ ደጋግሞ ስለሚያስረዳን ሰዎቹን ከማየታችን በፊት መደምደሚያውን እናውቀዋለን።

«ሶዛቦይ» አያስረዳም፤ ምክንያቱም ተራኪው ራሱ አያውቅም። ሜኔ ከዱካና መንደር የወጣ የሾፌር ረዳት ነው፤ ወታደር መሆን የሚፈልገው የደንብ ልብሱ ስለሚያምር፣ ሚስቱ አግኔስ ጠንካራ ወንድ ስለምትወድ፣ ዛዛ የሚባለው የበርማ ዘማች ከሂትለር ጋር ስለ መዋጋቱ ሲያወራ ስለ ሰማ ነው። ጠላት ማን ነው ብሎ ይጠይቃል፣ የሚመልስለት የለም። ቆስሎ ይማረክና ለዚያው «ጠላት» ሾፌር ሆኖ ያገለግላል፤ ሰዎቹ ከመጀመሪያዎቹ በምንም አይለዩም። ማንመስዋክ የሚባል ረጅም ሰው አለ። መጀመሪያ ከመጠጥ ቤት፣ ቀጥሎ ከአንዱ ጦር፣ ቀጥሎ ከሌላው ጦር ጋር እናገኘዋለን፤ አንድ ጊዜ ሜኔን ያስታምማል፣ በኋላ እስረኞችን ሲረሽን ሜኔ የሚተርፈው ጥይት ስላለቀ ብቻ ነው። በስደተኞች ሰፈር የዱካና ባላባትና ፓስተሩ የእርዳታውን እህል ይዘው ተደላድለው ተቀምጠዋል። ሜኔ በመጨረሻ ወደ መንደሩ ሲመለስ እናቱና ሚስቱ በቦምብ ሞተዋል፤ የመንደሩ ሰው ደግሞ እርሱን የሞተ ሰው መንፈስ ነው፣ በሽታውን ያመጣብን እርሱ ነው ብሎ ይፈራዋል። የገዛ መንደሩ ሳይቀር ተፋው። በአቼቤ ልቦለድ ቢያንስ በመንደር የቀረው ባለቤት እዚህ የለም።

ሳሮ ዊዋ ኦጎኒ ነበር። ኦጎኒዎች በቢያፍራ ድንበር ውስጥ የተገኙ፣ ግን ቢያፍራ ትታወጅ ተብለው በቅጡ ያልተጠየቁ ሕዝብ ናቸው። ከምሥራቁ ክልል ሕዝብ በግምት ሲሶ የሚሆነው ኢግቦ ያልሆነ ነበር፤ ኢጆ፣ ኤፊክ፣ ኢቢቢዮ፣ ኢክዌሬ፣ ኦጎኒና ሌሎችም። ሁለቱም ተዋጊ ወገኖች በነርሱ ስም ይናገሩ ነበር። በአፍሪካ አንድነት ድርጅት አማካይነት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሊቀ መንበርነት በመሩት፣ በነሐሴ 1968 አዲስ አበባ ላይ በተጀመረው የሰላም ንግግር የተቀመጡትም ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ኦጁኩ ራሱ መጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ተናገረ፣ ንግግሩ ሳምንታት ፈጅቶ ያለ ውጤት ተበተነ። የሜኔ ዓይነቱ ሰው በዚያ አዳራሽ ወንበር አልነበረውም። «ሶዛቦይ» ይህን ወንበር ለመስጠት የተጻፈ ይመስለኛል፤ ሲሰጠውም ኦጎኒ የሚለውን ስም እንደ ባንዲራ አያውለበልብም።

የሚሰጠው ቋንቋ ነው። ደራሲው የልቦለዱን ቋንቋ «የበሰበሰ እንግሊዝኛ» ብሎ በርእሱ ሥር ጽፎታል፤ ፒጂን፣ የተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ አልፎ አልፎም ደኅና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት፣ ጥቂት ተምሮ ብዙ ዕድል ያጣ ሰው አንደበት ነው። ስለዚህ ቋንቋ የሚጻፈው ሂስ ብዙውን ጊዜ ሥነ ልሳናዊ ነው፤ ቃል ይቆጥራል፣ ስልት ይለያል። ፖለቲካው ግን ይታለፋል። በናይጀሪያ ሐውሳ የሐውሳ ነው፣ ዮሩባም የዮሩባ ነው፣ ደኅና እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ነው። የበሰበሰው እንግሊዝኛ ግን የማንም ብሔረሰብ አይደለም፤ የገበያ፣ የመናኸሪያ፣ የሠፈር ጦር ቋንቋ ነው። አገሪቱ የጋራ ያደረገችው ብቸኛ ንብረት ቢኖር ይህ የተናቀ ቋንቋ ነው፤ እርሱም በዚህ ልቦለድ ውስጥ ባለቤት አግኝቷል።

ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ የመጣው «ግማሽ ቢጫ ፀሐይ» በሌላ መንገድ ይሄዳል። አዲቼ የተወለደችው ጦርነቱ ካበቃ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ልቦለዱን ከንሱካ ዩኒቨርሲቲ መምህር ቤት ትጀምረዋለች፤ አሽከሩ ኡጉ፣ ባለ ቤቱ ኦዴኒግቦ፣ ወዳጁ ኦላና፣ መንታ እኅቷ ካይኔኔ፣ እንግሊዛዊው ሪቻርድ። ምሁራኑ በየምሽቱ እየጠጡ የሚከራከሩት ስለዚሁ ነገር ነው፤ ኢግቦ መሆን ነጭ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው ወይስ ነጭ ከመጣ በኋላ የተሠራ? የክርክሩ ትዕቢት ደስ ይላል፤ እኛም በመምህራን ክበባችን የምናውቀው ነውና። ከዚያ እልቂቱ ይመጣል። ኦላና ከሰሜን በሚሸሸው ባቡር ውስጥ የልጇን ራስ በቅል ይዛ የምትጓዝ እናት ታያለች። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ትርጉም አይኖረውም፤ ኢግቦነት ጥንታዊ ይሁን አዲስ፣ ሰዎቹ የሞቱት በርሱ ነው።

ልቦለዱን የማደንቀው በዚህ ትዕይንት ብቻ አይደለም። ካይኔኔ በምታስተዳድረው የስደተኞች ሰፈር አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ኢግቦ ባልሆነችው በዶክተር ኢንያንግ ላይ ትተፋባታለች፤ ለጠላት መንገድ የምታሳዩት እናንተ ናችሁ ትላታለች። ካይኔኔ ሴትዮዋን በጥፊ ትመታትና ሁላችንም ቢያፍራውያን ነን ብላ ትጮኻለች። ይህን ትዕይንት ያለ ማመንታት የመጽሐፉ ራስ አድርጌ እወስደዋለሁ። ከእልቂት ለመሸሽ የተመሠረተችው አገር ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላት የራሷን «እናንተ» አበጅታለች፤ አንድነቱም የሚሰበከው በጥፊ ነው። ካይኔኔ ልክ ናት፣ ጥፊው ግን ያንኑ ሕመም ይገልጣል። ጸሐፊዋ ለራሷ ወገን ሳታደላ ይህን መጻፏ፣ ደግሞም የምንወደው ኡጉ ወታደር ሆኖ በአንዲት የመጠጥ ቤት ልጅ ላይ በተፈጸመ አስገድዶ መድፈር እንዲሳተፍ ማድረጓ፣ የድርሰቱን ሐቀኝነት ያስመሰክራል። ሆኖም አንድ ቅሬታ አለኝ። ልቦለዱ የሚተረከው ከኡጉ፣ ከኦላናና ከሪቻርድ አንጻር ነው። ስለ ጦርነቱ የሚጻፈውን መጽሐፍ ብዕር ከእንግሊዛዊው ተቀብላ ለአሽከሩ ስትሰጥ አዲቼ ትልቅ ነገር አድርጋለች፤ ዶክተር ኢንያንግ ግን የተተፋባት ሆና ትቀራለች፤ ከውስጧ ገብተን አንድ ምዕራፍ አናነብም።

ቀደም ብዬ ጠንካራውንና ደካማውን አንድ ሰው ሊጽፈው ይችላል ያልሁት ስለ አቼቤና ስለ ሳሮ ዊዋ ነው። አቼቤ በ1983 ባወጣት ትንሽ መጽሐፍ የናይጀሪያን ችግር በመሪዎቿ ውድቀት ላይ በግልጽ ጥሎ ነበር። ከመሞቱ ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ በ2012፣ ባሳተመው የቢያፍራ ትዝታው ግን የረኃቡን ፖሊሲ ሲያነሣ በጦርነቱ ጊዜ የፋይናንስ ኃላፊ የነበሩትን አዎሎዎን ለራሳቸውና ለዮሩባ ወገናቸው የበላይነት ሲሉ ያደረጉት ነው ብሎ ከሰሰ። ከዮሩባ ምሁራን ብርቱ ቁጣ ተነሣ። ረኃብ የጦር መሣሪያ መሆኑን መክሰስ ተገቢ ነው፤ የተራቡት ሕፃናት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። የሚያሳዝነው ክሱ ከሰውየውና ከመንግሥቱ አልፎ ወደ ሕዝቡ ስም ሲሻገር ነው። በ1966 ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማጣቱን ያሳየን ደራሲ፣ በ2012 ለዓረፍተ ነገሩ ብሔረሰብን ባለቤት አደረገለት። ሳሮ ዊዋም በጦርነቱ ጊዜ ለፌዴራሉ ወገን የቦኒ አስተዳዳሪ ሆኖ ስለ ሠራበት ዘመን በ1989 ባሳተመው ማስታወሻ ይኸው ይደርስበታል፤ በ«ሶዛቦይ» ውስጥ ያልተሰየመው ጠላት በማስታወሻው ውስጥ በየገጹ ስም አለው። የትዝታ ጽሑፍ ደራሲው ራሱን እንዲከላከል ይጋብዘዋል። ልቦለድ ግን ማንመስዋክን የመሰለ ሰው ከሁለቱም ጦር እንዲያቆም ያስገድደዋል። ይህ የሁለቱን የጽሑፍ ዓይነቶች ልዩነት የሚነካ ስለሆነ ሰፊ ጥናት የሚገባው ጉዳይ ነው።

የመንግሥቱ መድኃኒት ምን እንደነበረ ይታወቃል። በ1967 12 የነበሩት ግዛቶች በ1976 19፣ በ1987 21፣ በ1991 30፣ በ1996 36 ሆኑ። በ1979ኙ ሕገ መንግሥት ደግሞ ሹመት የአገሪቱን ልዩ ልዩ ክፍሎች ያካተተ እንዲሆን ተደነገገ። ይህ ከንቱ ነው አልልም፤ ከ1970 ወዲህ ያን የመሰለ ጦርነት በአገሪቱ አልተደገመም፤ ሦስቱ ታላላቅ ብሔረሰቦችም ክልል ይዘው ፊት ለፊት የሚቆሙበት አሰላለፍ ፈርሷል። ነገር ግን በ1967 ለወንዞቹ አካባቢ ሕዝቦች የተሰጠው የሪቨርስ ግዛት ከተቋቋመ ከ28 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1995፣ ኬን ሳሮ ዊዋ በዚያው ግዛት ዋና ከተማ በፖርት ሃርኮርት በአባቻ መንግሥት ከስምንት ሰዎች ጋር ተሰቀለ። የተከራከረው ከኦጎኒ መሬት ስለሚወጣው ነዳጅ ነበር፤ ዘይቱ ማሳውን አበላሸ፣ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሄደ። ግዛት ነበራቸው፣ ባለቤትነት ግን አልነበራቸውም።

«ሶዛቦይ» ለመማሪያነት አስቸጋሪ ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ቋንቋው ስለሚከብድ ጥቂት ገጾቹን ከተማሪዎቼ ጋር ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞክረናል። የበሰበሰውን እንግሊዝኛ በምን አማርኛ እንመልሰው በሚለው ላይ ተከራከርን፤ አንዳንዶች የአውቶቡስ ተራን አማርኛ አሉ፣ ሌሎች ግን አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ወታደር የሚናገረውን። ሁለቱም ወገኖች ምክንያት አላቸው፣ አልጨረስነውም። የከበደን ግን የማንመስዋክ ስም ነው። ሰው ለመኖር መብላት ግድ ይሆንበታል ማለት ነው፤ በኛም ቋንቋ መብላት ምግብ መብላት ብቻ አለመሆኑ ሥራውን ያቀለለው መሰለን። «ሰው መብላት አለበት» ብለን ጻፍነው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ ግን በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሰው» ባለቤት ነው ወይስ ተሳቢ ብሎ ጠየቀ። በሰዋስው ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ የሚበላውም፣ የሚበላበትም ሰው ሊሆን ይችላል። «ን» እንጨምርበት ያሉ ነበሩ፤ ሳንጨምርበት ተውነው።